አትክፈቺላቸው

ይሄ የሆነ ነገር ነው። አላለምኩም። አልጠጣሁም። አላመመኝም።

ማታም አልነበረም። አስፈሪ ነገር የሚመጣው ማታ ብቻ ነው ያለው ማነው?

የጀመረው በፈረንጆቹ 2008፣ ኦክቶበር ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ቦታው ዳላስ፣ ኤርፖርት ውስጥ። እዛ ዊልቸር ነው የምገፋው። አሁንም እዛው ነኝ። ይሄን የምጽፍላችሁም አውሮፕላን እስኪያርፍ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ ነው። ሶ፣ ካቋረጥኩ ተሳፋሪ መጥቶብኝ ነው።

እህቴ ፀደንያ የምትኖረው ፍራንክፈርት ነው። ሁለታችን ብቻ ነን። አባት የለ፣ እናት የለ።

እናታችን የሞተች ጊዜ እኔን እዚህ ሊነጋጋ ሲል በሬን አንኳኩተው አረዱኝ። እሷን ደሞ እዛ ከሥራ ስትወጣ ባቡር ጣቢያ ጠብቀው አረዷት። አብረን እንኳ አላለቀስንም።

ከአርባው በኋላ ደወለች።

"ስሚ" አለችኝ። "ከአሁን በኋላ ጥቁር ለብሰን አንገናኝም።"

"ታዲያ ምን ለብሰን?"

"ዋና ልብስ።"

እኔ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። የምሯን ነበር።

ከዛ ፕላን ማድረግ ጀመርን። ሰፈሯ ካለ የጉዞ ቢሮ ካታሎግ ይዛ መጣች። ጀርመኖች ብርድ ሲጀምር የሚያስቡት ደሴት ብቻ ነው አለችኝ። በየቀኑ በሥራ ዕረፍቴ፣ በብሬኬ ሰዓት ትደውላለች። እዛ መሽቷል፣ አልጋዋ ውስጥ ሆና ገጹን እየገለጠች ታነብልኛለች። የአንዱ ሪዞርት ባህሩ ድንጋይ ይበዛዋል። አንዱ ጋ ሕፃናት ይንጫጫሉ። የአንዱ ፎቶ ውሸት ይመስላል። እንጨቃጨቃለን። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘግቼባት አውቃለሁ፣ በመዋኛ ገንዳ ምክንያት።

በመጨረሻ አንዱን መረጥን። ካሪቢያን ውስጥ ነው፣ ለሁለታችንም መሃል ይሆናል ብለን። ስሙን አልጽፍም፣ ክስ አልፈልግም። ሁለት አልጋ፣ ነጭ መጋረጃ፣ በሩን ስትከፍቺ አሸዋ። ስትገቢ እጅሽ ላይ ፕላስቲክ ያስሩልሻል። እሱን እያሳየሽ የፈለግሽውን ትበያለሽ፣ ትጠጫለሽ። አንዴ ከተቆለፈ በመቀስ ካልተቆረጠ አይወልቅም።

"ሠርግ የለ፣ ለቅሶ የለ፣ ክርስትና የለ" አለች ፀዲ። "ዝም ብለን መጋደም ነው።"

ሰፈሬ ቪከሪ ሜዶ ያለ ሀበሻ ሁሉ አበድሽ አለኝ። እትዬ ጥሩወርቅ ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ናቸው። ሠርግም ለቅሶም ያለሳቸው አይሆንም። የሳቸው ጭንቀት ኤርፖርት ማን ይቀበልሻል ነበር። ዘመድ የሌለበት አገር ሰው ምን ሊሠራ ይሄዳል? ባህር ልናይ ነው አልኳቸው። ባህርማ ጋልቨስተን አለ አሉ፣ ሂውስተን የወንድሜ ልጅ ጋ ታርፋላችሁ።

ልንሄድ አንድ ሳምንት ሲቀረን ነው ነገሩ የተበላሸው።

እንደ ሁልጊዜው በብሬኬ ኮል አደረገች። ቁጥሯ አይታይም። በካርድ ስለምትደውል ድሮም አይታይም።

ግን ከጀርባዋ ውሃ ይሰማል...

"ገላሽን እየታጠብሽ ነው?" አልኳት።

"አይ።"

"ዝናብ ነው?"

"ማሪ፣ ውሃው አይቀዘቅዝም።"

"የቱ ውሃ?"



"እኔ ቀድሜሽ እገባለሁ" አለች። "ክፍሉን እይዝልሻለሁ።"

ተቋረጠ።

በነጋታው የወረቀት ድምፅ የለም። ስታወራ ሁሌ ካታሎጉን ስትገልጥ ይሰማኝ ነበር። አሁን ዝም ብላ ትናገራለች። የበሩ የታችኛው ማጠፊያ ሲጥጥ ይላል አለችኝ። በግራ በኩል ያለው አልጋ መሃሉ ይሰምጣል አለችኝ።

"ይሄ ሁሉ ካታሎጉ ላይ አለ?"

"የለም።"

ቀልድ ነው ብዬ ተውኩት። ፀዲ ትቀልዳለች።

ከዛ ሰዎቹ ጀመሩ።

ነጃት አብራኝ የምትሠራ ልጅ ናት። ሳልጠይቃት ሺፍቷን ቀይራ እኔ ጋ ሆነች። ምሳ አብራኝ ትቀመጣለች፣ አታየኝም። እትዬ ጥሩወርቅ በዓል ሳይሆን ወጥ በድስት ይዘው ወረዱ። አቅፈው አልለቅ አሉኝ። ጋሽ ኃይሉ፣ የእናቴ የአክስት ልጅ፣ ከሜስኪት በሥራ ቀን መጡ። እሳቸው በእሑድም አይመጡም።

ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ከፀደንያ ጋር መቼ ነው ያወራችሁት?" አሉኝ።

"ዛሬ።"

"ዛሬ?"

"ዛሬ። በብሬኬ።"

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። አጠገባቸው የተቀመጡትን እትዬ ጥሩወርቅን አዩ። እትዬ ጥሩወርቅ ምንጣፉን አዩ።

ሀበሻ ከሆናችሁ ይሄን ታውቁታላችሁ። መርዶ የያዘ ሰው ያስታውቃል። ማንም ብቻውን አይነግርሽም። በስልክ አይነግርሽም። እስክትበዪ ይጠብቃሉ፣ ከሥራ እስክትወጪ ይጠብቃሉ፣ ሽማግሌው እስኪሰበሰብ ይጠብቃሉ። እስከዛ ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ አንቺ ብቻ አታውቂም።

አሰብኩ። አባቴ ሞቷል። እናቴ ሞታለች። የቀረችኝ ፀዲ ናት። ፀዲ ደሞ ዛሬ ደውላለች።

ሶ፣ መርዶው የሚነገረኝ ሰው የለኝም። በቃ።

ጉዞውን ለሌላ ጊዜ አድርጊው አሉኝ ጋሽ ኃይሉ፣ ቀስ ብለው። ለምን ስላቸው የአየሩ ሁኔታ ምናምን አሉ። አላደርገውም አልኳቸው። ሻንጣዬንም እዛው ፊታቸው ማዘጋጀት ጀመርኩ። ዋና ልብሴን እያጠፍኩ ሳለ እትዬ ጥሩወርቅ አፋቸውን ይዘው ወጡ።

ቆይ፣ ተሳፋሪ መጣ...

ተመለስኩ። ጫማቸው የጠፋባቸው ሴትዮ ነበሩ። ለሳቸው ሌላ ጊዜ።

የምበርበት ቀን፣ ሊነጋጋ ሲል ነው።

ለባብሼ ቆሜያለሁ። ውጪ መኪና ሰማሁ። የመስኮቱን ብላይንድ በጣቴ ከፈት አደረግኩ።

አንድ መኪና ፓርክ አደረገ። መብራቱን አጠፋ። ማንም አልወረደም።

ሌላ መጣ። መብራቱን አጠፋ። ማንም አልወረደም።

ሌላም...

እስኪሟሉ እየጠበቁ ነው።

ነገሩ ገባኝ። እስከዛሬ አንዳቸውም አልደፈሩም። አሁን ደሞ ከሄድኩ አለቀ።

ከዛ በሮቹ ቀስ እያሉ ተከፈቱ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ጋሽ ኃይሉ ከፊት ናቸው፣ ካፖርት ደርበው። ነጃትም ከኋላ አለች። 

በሬ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ እንደዛን ጊዜው።

"ማራኪ... ክፈቺ ልጄ።"

ስልኬ ጮኸ።

"አትክፈቺላቸው።"

ፀዲ ናት። በሹክሹክታ። ውሃው ከጀርባዋ አለ፣ አሁን ቅርብ ነው።

"ምን ሊሉኝ ነው?" አልኳት።

"አትስሚ።"

"ፀዲ..."

"ካልሰማሽ አልሆነም፣ ማሪ። ካንቺ በቀር ሁሉም ሰምቷል። አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ።"

 መሬት ቁጭ አልኩ።

"ልጄ፣ እኔ ነኝ፣ ክፈቺ" አሉ እትዬ ጥሩወርቅ በበሩ ስንጥቅ። ድምፃቸው ተሰብሯል።

ከዛ ግን ተናደድኩ።

እናቴን በዚሁ በር ነው የወሰዱብኝ። በዚሁ ሰዓት፣ በዚሁ ነጠላ። አሁን ደሞ ፀዲን? አይሆንም። ፈቃዴን ማን ጠየቀኝ?

ቤቴ ምድር ፎቅ ላይ ነው። በጓሮ በኩል፣ በፓቲዮው በር ወጣሁ። ሻንጣውን ሣሩ ላይ ጎተትኩት። መኪናዬን ስከፍት እትዬ ጥሩወርቅ አዩኝ። በዛ ጉልበታቸው ሮጡ። አንድ ነጠላ ጫማቸው ሣሩ ላይ ቀረ።

ገብቼ የመኪናውን ሬዲዮ እስከመጨረሻው ከፈትኩት። ሰውዬው ስለ ትራፊክ ይጮሃል።

መስኮቴን በመዳፋቸው መቱት። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። እኔ መሪውን ነው ያየሁት። ከንፈርም ይነበባል እኮ።

አውራ ጎዳናው፣ ሲክስ ሰርቲ ፋይቭ ላይ እስክወጣ ሬዲዮውን አልቀነስኩትም።

ደሴቱ ላይ ከሰዓት ደረስኩ። ማንም አልተቀበለኝም። ደስ አለኝ።

ሪሴፕሽን ላይ ያለው ልጅ ስሜን አየና ፈገግ አለ። እህትሽ ገብታለች አለኝ።

መቼ አልኩት። ቀደም ብላ አለኝ። ቁልፍ ወስዳለች? አልጠየቀችም አለ። ሻንጣስ? አልያዘችም። እያወራኝ ጠረጴዛውን በፎጣ ይጠርጋል። ውሃ ነበረበት። እጄ ላይ ሰማያዊ ፕላስቲክ አስሮ ቀጭ አደረገው።

የሷን ለማሰር ተቸግሬ ነበር አለኝ። እጇ በጣም ረጥቦ ያዳልጣል።

ክፍሉን ከፈትኩ።

የታችኛው ማጠፊያ ሲጥጥ አለ።

በቀኝ ያለው አልጋ ተነጥፏል። በግራ ያለው መሃሉ ሰምጧል። አንሶላው ረጥቧል፣ ልክ በሰው ቅርፅ። ሰው የለም።

ሽንት ቤቱን አየሁ። ቁም ሳጥኑን አየሁ። የለም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይመለስ ነበር። እኔ ዋና ልብሴን ለብሼ ወጣሁ።

ውሃው ዳር ሁለት የመጋደሚያ ወንበር አለ። አንዱ ላይ ተጋደምኩ። ፀሐይ ነው። ሕፃናት ይንጫጫሉ። ይሄን ነበር የማልፈልገው ብዬ አሰብኩ።

አጠገቤ ያለው ወንበር ሲጥ አለ።

ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው።

ከዛ ጠብ... ጠብ... አሸዋው ላይ።

"ወደዚህ አትዙሪ" አለችኝ።

በስልክ አይደለም።

 ባህሩን አየሁ። ባህሩን ብቻ።

"ካየሽኝ ሰማሽ ማለት ነው" አለች።

"ኦኬ" አልኩ።

ሌላ ምን ልበል?

"እትዬ ጥሩወርቅ ደህና ናቸው?"

"መኪናዬን ደበደቡት።"

ሳቀች። መጨረሻው ላይ ትን የሚላት የሷ ሳቅ ነው። ማንም ሊያስመስለው አይችልም።

አስተናጋጁ ሁለት መጠጥ አመጣ፣ ሳላዘው። ወደሷ ሲዞር ፈገግታው ጠፋ። ብርጭቆውን አስቀምጦ ቶሎ ሄደ። ሲመለስ የሁለታችንም ባዶ ነበር።

እንደዛ ነው የከረምነው። ጠዋት እወጣለሁ፣ ወንበሩ ሲጥ ይላል፣ እናወራለን። አንድ ቀን ስለ እናታችን አወራን። ሁለታችንም አለቀስን፣ ወደ ባህሩ ዞረን። ጎን ለጎን። በዋና ልብስ።

በመሃል እጇን ወንበሬ ላይ አደረገችው። በዓይኔ ጠርዝ ሰማያዊ ነገር አየሁ። ፕላስቲኩ ብቻ ይሁን እጇም... አላውቅም። ዓይኔን ጨፈንኩ።

አልፈራሽም ወይ ትላላችሁ። ፈራሁ።  ግን አልዞርኩም። መፍራት ሌላ፣ እህቴን አሳልፎ መስጠት ሌላ።

በመጨረሻው ጠዋት የግራው አልጋ ደረቅ ነው። ተነጥፏል።

ትራሱ ላይ ፕላስቲኩ አለ። ሰማያዊ። አልተቆረጠም። እንደተቆለፈ ነው። በኔ እጅ ሞከርኩት፣ ከጣቴ አላልፍ አለ።

ዳላስ ስመለስ ቤት ቀየርኩ፣ ሌክ ሃይላንድስ። ስልኩ ከዛ ወዲህ አልጮኸም። እትዬ ጥሩወርቅን ሱቅ ሳገኛቸው እጄን አነሳለሁ። "እትዬ፣ ሌላ ወሬ ካለዎት እሰማለሁ" እላቸዋለሁ። መጀመሪያ ያለቅሱ ነበር። አሁን ስለ ጉልበታቸው ያወሩኛል። ጋሽ ኃይሉ ለሰው አብዳለች ብለዋል አሉ። ይበሉ። ጥቁር አልለበስኩም። አልለብስም።

እስከዛሬ ማንም አልነገረኝም። እስከዛሬ አልሰማሁም።

ፍራንክፈርት ያላችሁ፣ የምታውቁ ካላችሁ፣ ኮሜንት ላይ እንዳትጽፉ። አላነብም። ብሎክ ነው የማደርገው።

ይሄን ዛሬ የጻፍኩበት ምክንያት አለኝ።

የፀዲን ፕላስቲክ ሥራ ቦታ ባለኝ የዕቃ ሳጥን፣ ሎከሬ ውስጥ ነው ያስቀመጥኩት። ደርቆ አያውቅም። እጠርገዋለሁ፣ ተመልሶ ይረጥባል። ጨው ጨው ይላል። ለምጄዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሎከሬን ስከፍት ግን ሁለት ናቸው።

ሁለተኛው ቢጫ ነው። አዲስ። ገና አልተቆለፈም። ውሃ ያንጠባጥባል።

አሁን እፊቴ ነው፣ ጉልበቴ ላይ።

የሥራ ሬዲዮዬ እየጠራኝ ነው። የፍራንክፈርቱ አርፏል ይላል፣ አንድ ዊልቸር ይፈልጋሉ።

ይጥሩኝ። ፀዲ ክፍሉን ይዛልኛለች።

እጄን አስገባሁ።

ቀጭ።