በእርሳስ የተጻፈ አራት

ሓፍቶም የሞተው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ማዳመጫው ከጆሮው ወርዶ አንገቱ ላይ ቀርቷል። አንድ እጁ የሸሚዙን ኮሌታ ጨምድዶ ይዟል፤ ሌላው ወደ ጠረጴዛው ተዘርግቷል። ኢንስፔክተር ትምኒት በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን በዓይኗ ቃኘች። መቀሌ፣ ሓድነት ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጌም ቤት በላይ ያለ ጠባብ ክፍል ነው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት የፖሊስ ሥራዋ ብዙ ሬሳ አይታለች፤ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው ሰው ሬሳ ግን ዛሬም አልለመደችውም።

ሐኪሙ ካጎነበሰበት ቀና አለ።

«አስም ነው» አላት። «ከሰባት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ሳይሞት አልቀረም። ድብደባም ሆነ ሌላ ጉዳት የለበትም።»

«ታዲያ እኔ ለምን ተጠራሁ?»

«እኔ አይደለሁም የጠራሁሽ። እሷ ናት።»

ኤልሻዳይ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ከአዳማ ለዩኒቨርሲቲ መጥታ መቀሌ የቀረች ልጅ ናት። ከሓፍቶም ጋር አዳዲስ ጌሞችን እየተጫወቱ በአማርኛና በትግርኛ የሚገመግሙበት የኢንተርኔት ገጽ አላቸው። ለእያንዳንዱ ጌም ከአስር ነጥብ ይሰጣሉ። ሓፍቶም ለነጥብ ስስታም ነበር፤ በአራት ዓመት ውስጥ ለየትኛውም ጌም አስር ሰጥቶ አያውቅም።

«የሚነፋው የአስም መድኃኒቱ ሁልጊዜ ደረት ኪሱ ውስጥ ነው» አለች ኤልሻዳይ። «አሥር ሰዓት ላይ መጥቼ እንዲህ ሆኖ ሳገኘው ኪሱን ዳበስኩ። የለም። መሳቢያው ውስጥ ነው ያገኘሁት። መሳቢያው ተዘግቶ ነበር፣ ኢንስፔክተር።»

ትምኒት ጓንት አድርጋ መድኃኒቱን አንዴ ጫን አለችው። ፍስስ አለ። አላለቀም። ትንፋሽ ያጠረው ሰው መድኃኒቱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ አይዘጋም። እዚህ ክፍል ውስጥ ሌላ ሰው ነበር ማለት ነው።

«አንቺ የት ነበርሽ?»

«ሮማናት አደባባይ፣ ላፕቶፔን ሳሠራ። ከስድስት ሰዓት ጀምሮ።»

«ተጣልታችሁ ታውቃላችሁ?»

ኤልሻዳይ ዓይኗን ጠረገች። «ባለፈው ሳምንት። እኔ ሰባት የሰጠሁትን ጌም ሳይነግረኝ አምስት አደረገው። ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ሦስት ቀን ሙሉ።»

«ምን እየተጫወተ ነበር?»

«‹ጉድጓድ› የሚባል ጌም። እዚሁ የተሠራ ነው። ኣንዶም የሚባል ልጅ ነው አራት ዓመት ለፍቶ የሠራው። አንዲት ልጅ ከከተማው ዳር፣ ዓይናለም ካለው ጉድጓድ ውኃ ቀድታ እስከ ከተማ ትሸከማለች። ግምገማው ነገ ሊወጣ ነበር።»

ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር ተከፍቶ ተቀምጧል። የሓፍቶም የተዘረጋ እጅ ወደ እሱ ነበር የሚያመለክተው። ከገጹ አናት ላይ በእርሳስ «4» ተጽፏል። ከሥሩ ደግሞ፦ «የልጅቷ ድምፅ ደረቅ ነው፤ ስሜት የለውም። በሌላ ድምፅ ቢተካ። ልጅቷ እስክትደርስ ድረስ አንድም ማረፊያ የላትም።»

ትምኒት ገጹን ገለጠች። የሚቀጥለውን ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ደግማ አነበበችው። ደብተሩን ዘግታ ማስረጃ መያዣው ውስጥ ከተተችው።

ልትወጣ ስትል ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር የተለጠፈች ትንሽ ጥቁር ሳጥን አየች።

«መቅጃ ናት» አለች ኤልሻዳይ። «ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ከነሰዓቱ ትቀዳለች። መኖሯን የምናውቀው እኔና እሱ ብቻ ነን።»

ከታች የጌም ቤቱ ባለቤት ታመነ ጆይስቲኮቹን እየሰበሰበ ነበር። ከደብረ ብርሃን የመጣ፣ ሆዱ ገፋ ያለ፣ ወሬ የሚወድ ሰው ነው። ዛሬ ግን ወሬው አልመጣለትም።

«ተጣልተናል፣ አልዋሽዎትም» አለ። «ያመጣሁትን አዲስ የኳስ ጌም ሦስት ሰጥቶት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሲስቅብኝ ከረመ። ግን በየቀኑ ምሳ እልክለት ነበር። ሰው ለሚጠላው ሰው ምሳ ይልካል?»

«ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የት ነበርክ?»

«እዚሁ። ውድድር ነበረኝ። ሃያ ልጅ ከፊቴ ተሰልፎ ነበር፤ ሁሉንም ይጠይቁ። ስምንት ሰዓት ከአርባ ላይ መብራት ሄደና ተበተንን።»

«ወደ ላይ የወጣ ሰው አላየህም?»

«ደረጃው በጓሮ ነው፣ አይታየኝም። ስምንት ሰዓት ገደማ ግን ጩኸት ሰማሁ።» ታመነ እጁ ላይ ያለውን ጆይስቲክ ተመለከተ። «ጌም ላይ ሲሸነፍ ይጮኽ ነበር። ይኼም ያው ነው አልኩ። አንድ ጊዜ ወጥቼ ባየው ኖሮ...»

ትምኒት ሃያዎቹን ልጆች አስጠየቀች። ታመነ ከክፍሉ ንቅንቅ አላለም።

ቢሮዋ ገብታ ቅጂውን ከፈተች። እሷ ጌም የሚባል ነገር ነክታ አታውቅም። ስክሪኑ ላይ አንዲት ቀጭን ልጅ ቢጫ ጀሪካን አዝላ አቧራማ መንገድ ላይ ትሄዳለች። ተጫዋቹ ያደናቅፋታል፣ ድንጋይ ያስመታታል፣ መንገድ እያሳታት ይመልሳታል። ስምንት ሰዓት ከአምስት ሲል ልጅቷ መንገድ መሃል ቀጥ አለች። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ አልተንቀሳቀሰችም። ነፋሱ ቀሚሷን ብቻ ያወዛውዘዋል። ስምንት ሰዓት ከሃያ አራት ላይ እንደገና መራመድ ጀመረች።

ትምኒት ልጅቷ የት እንደሄደች ተከታትላ አየች። መልሳ አየችው። ለሦስተኛ ጊዜ ያየችው ግን ለምርመራው አልነበረም። ውኃ በጠፋባቸው ዓመታት እሷም ጀሪካን ተሸክማለች።

ከዚያ ለኤልሻዳይ ደወለች። «ጌሙ ውስጥ ልጅቷ የምታርፍበት ቦታ አለ?»

«የለም። እኔም ከዳር እስከ ዳር ተጫውቼዋለሁ። ካርታው ላይ የለም።»

በማግሥቱ ጠዋት ዓይናለም ሄደች። ኣንዶም ከእናቱ ጋር የሚኖርበት ግቢ በር ላይ ተቀብሎ ወደ ክፍሉ አስገባት። እናቱ ቤተ ክርስቲያን ሊሳለሙ ሄደው አልተመለሱም ነበር። ዓይኑ ያበጠ፣ ሰውነቱ የመነመነ ልጅ ነው።

«ሓፍቶምን መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ከአራት ቀን በፊት። ጌሙን ስሰጠው።»

«ትናንትስ?»

«ቤት ነበርኩ።»

«የልጅቷ ድምፅ የማን ነው?»

«የሓፍተይ። የእህቴ የሰላማዊ። ስኳር ነበረባት። መድኃኒት በጠፋ ጊዜ...» አልጨረሰውም። «ሙሉውን የተናገረችልኝ ከመሞቷ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ነው። እዚህ ክፍል ውስጥ፣ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ ብርድ ልብስ ተከናንበን። ሌላ የድምፅዋ ቅጂ የለንም።»

ትምኒት እንደ ዋዛ ጠየቀችው። «ማረፊያ የላትም ይላሉ። እውነት ነው?»

ኣንዶም ቀና አለ። ፊቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈካ። «አላት። አንድ ቦታ ሠርቼላታለሁ። ከድንጋዩ አጥር ጀርባ፣ ሾላ ዛፍ ሥር። ለማንም አልነገርኩም። ማንም አላገኘውም። ሰው ሲያገኘው በራሱ ይደነቅ ብዬ ነው።»

ትምኒት የራሷን ማስታወሻ ደብተር ዘጋች። ደስ አላላትም። የፈለገችውን መልስ አግኝታ እንዲህ ያዘነችበት ቀን ትዝ አላላትም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም የሓፍቶም ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ታመነ በሩ አጠገብ፣ ኤልሻዳይ አልጋው ላይ፣ ኣንዶም መስኮቱ ሥር ተቀመጡ። ባዶውን ወንበር ማንም አልነካውም። ኣንዶም በትግርኛ ሊያናግራት ሲል በእጇ አስቆመችው።

«ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ እንነጋገር» አለች። «ሓፍቶም የሞተው በአስም ነው። መድኃኒቱ ግን የተገኘው የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ ነው። ያስቀመጠው ሌላ ሰው ነው። መጀመሪያ ያወቅሁት ይህን ነው።»

መቅጃዋን አነሳች። ኣንዶም ሲያያት ቅንድቡ ተኮማተረ፤ ምን እንደሆነች አላወቀም።

«ይህች ስክሪኑን ትቀዳለች። ስምንት ሰዓት ከአምስት ላይ ጨዋታው ቆሟል። ሕመሙ የያዘው ያኔ ነው። ስምንት ከሃያ አራት ላይ ግን ልጅቷ መራመድ ጀመረች። ተሽሎት ራሱ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ጆይስቲክ ይዞ ሊጫወት የሚችል ሰው ግን መሳቢያ መክፈት አያቅተውም። ያጫወታት ሌላ ሰው ነው።»

መቅጃዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ታመነ በዚያ ሰዓት ሃያ ሰው ፊት ነበር። ኤልሻዳይ መቅጃዋን ታውቃለች፤ እሷ ብትሆን ኖሮ ይህችን ሳጥን ትታልኝ አትሄድም። ደግሞም ያ ሰው አንድም ጊዜ አልተደናቀፈም። መንገዱን ትቶ በድንጋዩ አጥር ክፍተት ሾለከ። ልጅቷን ሾላው ሥር አድርሶ አስቀመጣት። እሷም ሳቀች፤ ‹ቁሩብ ክዓርፍ› አለች፣ ትንሽ ልረፍ። መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ነበረች።» ወደ ኣንዶም ዞረች። «ያን ቦታ ማንም አላገኘውም ያልከኝ አንተ ነህ።»

ኣንዶም ለመካድ አልሞከረም።

«ስለ ነጥቡ ልጠይቀው ነበር የመጣሁት» አለ። «ጆሮው ተደፍኖ ነበር፤ መግባቴን አልሰማም። ደብተሩን አየሁ። አራት። ስለ አራቱ ግድ አልነበረኝም። ድምጿ ይተካ ይላል። ማዳመጫውን ከጆሮው አውርጄ ጮኽኩበት። ሊያስረዳኝ ሲል ሳል ያዘው። መድኃኒቱን አወጣ፤ ከእጁ አምልጦት ወደቀ። እኔ አነሳሁት።»

«ለምን አልሰጠኸውም?» አለች ኤልሻዳይ። ድምጿ በጭንቅ ነበር የሚሰማው።

«መጀመሪያ ድምጿን አልነካም በል አልኩት። መናገር አልቻለም። ወደ ጠረጴዛው እየጠቆመ በተቆራረጠ ትንፋሽ ‹ገልብጠው፣ ገልብጠው› ብቻ ይለኝ ነበር። ምን እንደሚል አልገባኝም። ትንሽ ልቆይ፣ እሷ መድኃኒት አጥታ ስትጨነቅ የነበረውን ይቅመሰው አልኩ። ትንሽ ብቻ። ከዚያ ስሰጠው እጁ አልያዘልኝም። አፉ ላይ ሁሉ አደረግኩለት። እንዳላየው ብዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።»

«ለምን ወዲያው አልሄድክም?» ጠየቀችው ትምኒት።

«ልሄድ ነበር። እህቴ ስክሪኑ ላይ ቆማለች። መንገድ መሃል፣ ብቻዋን፣ ጀሪካኑን እንዳዘለች። እንደዚያ ትቻት መሄድ አልቻልኩም።»

ታመነ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ትምኒት ደብተሩን ከማስረጃ መያዣው አውጥታ ለኤልሻዳይ ሰጠቻት።

«በእርሳስ የሚጽፈው ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያ ቀን ስሜቱን ነው» አለች ኤልሻዳይ። «እያንዳንዱን ጌም ሁለት ጊዜ ይጫወታል። እውነተኛውን ነጥብ በሚቀጥለው ገጽ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋል።»

«ገልብጪው። አንብቢልን።»

ኤልሻዳይ ገጹን ገለበጠች።

«‹ሁለተኛ ዙር። ስለ ድምፁ የጻፍኩት ስህተት ነው። ልጅቷ ስሜት አጥታ አይደለም፤ ትንፋሿን እየቆጠበች ነው። ሃያ ሊትር የተሸከመ ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው። እኔም ደረቴ ሲዘጋብኝ የማወራው እንዲህ ነው። እንዴት ሳላውቃት ቀረሁ? ማረፊያ ይኑራት የሚለውን አልተውም። ድምፁ ግን ማንም እንዳይነካው። ዘጠኝ።›»

ከኣንዶም የወጣው ድምፅ ልቅሶ አይመስልም ነበር። እንደ ደከመ ሰው ቀስ ብሎ ከተቀመጠበት ወርዶ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፤ ግንባሩን ጉልበቱ ላይ ደፋ። ኤልሻዳይ ደብተሩን ደረቷ ላይ ይዛ ኣንዶምን ልታየው አልቻለችም፤ ልትጠላውም የቻለች አትመስልም። ኮሪደሩ ላይ ሲጠብቅ የነበረው ፖሊስ ካቴና ይዞ ሲቀርብ ትምኒት ትንሽ እንዲታገስ በዓይኗ ነገረችው።

ደረጃውን ሲወርዱ ኣንዶም አንድ ነገር ብቻ ለመናት። «ለእናቴ ሌላ ሰው እንዳይነግራት።»

እናቱ ኣደይ ኣዳነች ግቢያቸው ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰፌድ ላይ ምስር ይለቅማሉ። የፖሊስ ልብስ የለበሰች ሴት ስትገባ ሲያዩ አልደነገጡም፤ ፈገግ ብለው ጠጋ እያሉ ቦታ ለቀቁላት።

«ጓለይ፣ የኔ ልጅ፣ ከከተማ ነው የመጣሽው? ልጄ የጌሙ ውጤት ዛሬ ይነገረኛል ብሎ ነው የወጣው። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ አላየም። የሰማሽው ነገር አለ?»

ትምኒት ኮፍያዋን አወለቀች።

«ሰምቻለሁ፣ ኣደይ።»

«ስንት ሰጡት?»

«ዘጠኝ።»

«ከስንት?»

«ከአስር።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። «የልጄ ድምፅ አለበት እኮ» አሉ። «የሰላማዊ። ሰዎቹ ድምጿን ወደዱላት ማለት ነው?»

«በጣም ወደዱላት።»

ትምኒት ሰፌዱን ከጭናቸው ላይ ቀስ ብላ አንስታ መሬት አኖረችው። አጠገባቸው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠችና እጃቸውን በሁለት እጇ ያዘች።

«ኣደይ» አለች፣ «ሌላም የምነግርዎት ነገር አለ።»