በረዶው እስኪያልበው

የበረዶ መላጫው ማሽን እጀታ እጇ ላይ ተንገጫገጨ። ታማኪ በሁለት እጇ ይዛ በጉልበት አዞረችው። ከምላጩ ሥር ሳህኑ ላይ የወረደው ግን የለመደችው ስስ በረዶ ሳይሆን ጠጠር የመሰለ ስብርባሪ ነበር። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደፍታው እንደገና ትጀምር ነበር። ዛሬ የስኳር ውሃ አፈሰሰችበትና ይዛው ወደ ውስጥ ሮጠች።

አያቷ ገንጂሮ ወለሉ ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተኝተዋል። አርባ ዓመት ሙሉ፣ በጋ በገባ ቁጥር ከሰፈሩ ቤተ መቅደስ በር ላይ በስኳር ውሃ የሚበላ በረዶ እየላጩ የሸጡ ሰው ናቸው። ያ ጥቁር የብረት ማሽንም የእሳቸው ነው። ሆስፒታሉ ወደ ቤት ከመለሳቸው ዘጠኝ ቀን ሆኗል፤ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ምግብ የሚባል አፋቸው አልገባም። ዛሬ እናቷ መድኃኒት ልትገዛ ስትወጣ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ በረዶ ላጪልኝ አሏት።

ሐኪሙ ለእናቷ የነገራት ካንሰሩ ጉበታቸው እንደደረሰና ሳምንቱን መጨረሳቸውም እንደሚያጠራጥር ነው። እናቷ ለእሳቸው የነገረቻቸው ደግሞ የጨጓራ ቁስለት እንደሆነና ለመኸር እንደሚድኑ ነው። ለበሽተኛ እንዲህ ያለው አይነገርም፤ ቤተሰቡ ይይዘዋል። ታማኪም ትንፍሽ እንዳትል ቃል ገብታለች። በአሥራ አራት ዓመቷ ይህን ተሸክማ በቀን አሥር ጊዜ ፈገግ ትላለች፤ ደክሟታል።

ገንጂሮ ከማንኪያው ጥቂት በምላሳቸው ተቀበሉ። ፊታቸው ተኮሳተረ።

«አልጠበቅሽውም» አሉ።

እውነት ነው፣ አልጠበቀችውም። በረዶ ከማቀዝቀዣ እንደወጣ አይላጭም። ነጭነቱ እስኪለቀው፣ እስኪያልበውና እንደ መስታወት እስኪጠራ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቀመጣል፤ ምላጩ የሚያሳሳው ያኔ ነው። ይህን በሰባት ዓመቷ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። ደንበኛ ተሰልፎ እያጉረመረመ እንኳ አስቸኩለው አያውቁም። ታማኪ ግን ግማሽ ሰዓቱን ፈራችው። ሳህኑን ይዛ ስትመለስ አምልጠዋት ቢሆንስ?

«ማሽኑ ዝጎ ነው፣ አባባ» አለች።

«በማሽኔ አታሳብቢ።» የድሮው ፌዛቸው ከንፈራቸው ላይ ብቅ ብሎ ጠፋ። «ለመኸር የሚድን ሰው ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ያቅተዋል? ምን አስቸኮለሽ?»

ታማኪ ስለ ቁስለቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። ያጠናችው ነገር ምላሷ ላይ ነበር። እሳቸው ግን የሚያዩት ሳህኑን ነበር፤ ጠጠሩ ሁሉን ነግሯቸዋል። አሁን ብትዋሽ ብቻቸውን ትታቸው የምትሄድ መሰላት።

«ፈርቼ ነው» አለች። «ሐኪሙ ጊዜ የለም ብለዋል። ይህን ሳምንት…» መጨረስ አቃታት፤ አለቀሰች።

ሽማግሌው አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደፈሩ ታያት፤ እጃቸው የአንሶላውን ጫፍ ፈልጎ ጨበጠ።

«ገምቼ ነበር» አሉ። «መስማቱ ግን ሌላ ነው።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። እንደማላውቅ ሆኜ እቆያለሁ፤ ለእሷ ይቀላታል።»

ታማኪ ወደ ኩሽና ሄዳ ሁለተኛውን በረዶ ከማቀዝቀዣው፣ ከረጋበት ቆርቆሮ አወጣች፤ በትሪ አድርጋም ከትራሳቸው አጠገብ አስቀመጠችው። ነጭና ጭጋጋም ነበር። እጃቸውን ይዛ አብራቸው አየችው። ከጠርዙ የመጀመሪያዋ ጠብታ ስትወርድ፣ ከደጅ የእናቷ ብስክሌት ፍሬን ተሰማ።

«ይላጭ?» አለች።

«ገና ነው።»

እናቷ መድኃኒቱን አንጠልጥላ፣ ከበሩ ጀምራ በዚያ በለመደችው ደስተኛ ድምፅ፣ «አባዬ፣ ዛሬማ ፊትዎ ጥሩ ነው» እያለች ገባች። ገንጂሮ ፈገግ ሊሉላት ሞከሩ። ታማኪ ሁለቱን አየቻቸው። እናቷ በየማታው የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ከፍታ ስታለቅስ የምትሰማው እሷ ነበረች።

ተነስታ ከዕቃ መደርደሪያው ሦስት ሳህን አወጣችና ከትሪው ጎን ደረደረች።

«እማዬ፣ መድኃኒቱን አስቀምጪውና ነይ ተቀመጪ» አለች። «በረዶው እስኪደርስ የምነግርሽ አለ።»