አናቱ የጠቆረው አምፖል

ጋሽ ወጋየሁ ጎፋ በሚገኘው ቤታቸው፣ ከድሮ ራዲዮ አምፖሎች በሠሩት ኮምፒውተር ላይ እንደተደፉ ሞተው ተገኙ። ቀኝ እጃቸው አንድ አምፖል ጨብጧል። ሐኪሙ የገደላቸው ኤሌክትሪክ ነው አለ። የሰፈሩ ሰውም አላመነታም፤ ጥፋቱን ገመዱን በዘረጋው በወዳጃቸው በኢስማኢል ላይ አላከከ። ኢስማኢል ታሰረ።

ኢንስፔክተር ገዲሴ የሰፈር ወሬ አትወድም። ቁም ሳጥን የሚያህለውን ማሽን ዞራ አየችው። መደርደሪያው ላይ በሟቹ እጅ «የሞቱ» ተብሎ የተጻፈበት ካርቶን አለ፤ ውስጡ ያሉት አምፖሎች ሁሉ አናታቸው ኖራ የተቀባ ይመስል ነጥቷል።

«ማሽኑን አጥፍተው ነው እጃቸውን የሚያስገቡት?» ስትል ኢስማኢልን በታሰረበት ሄዳ ጠየቀችው።

«ሁልጊዜ። ማብሪያው ከበሩ ጀርባ ነው፤ ከተቀመጡበት አይታይም። ‹ጋሼ፣ ላብራ?› ሳልል አብርቼ አላውቅም።»

የእህታቸው ልጅ ሚሳኤል የኮሌጅ መምህር ነው፤ ሐዘኑም ከረባቱም ልኩን ጠብቋል።

«ማሽኑ የእኔ ሥራ ነው። ሰኞ ኤግዚቢሽን ላይ አቀርበዋለሁ» አላት። «አጎቴ ያግዙኝ ነበር። አምፖል ተቃጥሎባቸው ሳያጠፉ ሊቀይሩ ሲሉ ነው።»

የሟቹ ልጅ ምስጢር ግን ዓይኗ አብጦ «አባዬ ሐሙስ ዕለት ሚሳኤልን ‹ማሽኑ የማን እንደሆነ ሰኞ እዚያው ሄጄ እናገራለሁ› ብሎት ነበር» አለች።

በማግስቱ ገዲሴ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበች። ጠረጴዛው ላይ ሁለት አምፖሎች አኖረች። አንደኛው ከሟቹ እጅ የተወሰደ፣ ሌላው ማሽኑ ላይ ከባዶው ቀዳዳ ጎን ተሰክቶ የተገኘ ነው።

«አቶ ሚሳኤል፣ የተቃጠለው የትኛው ነው?»

«ይኼ ነዋ። አናቱ ጠቁሮ የለ?»

ኢስማኢል ዓይኑን ጨፈነ። ምስጢር ቀስ ብላ «ያ ደህናው ነው» አለች። «የደህና አምፖል አናቱ ጥቁር ነው፤ አየር ገብቶበት የሞተው ነጩ ነው።»

«ከሟቹ እጅ የተገኘው ደህናው ነው» አለች ገዲሴ። «ጋሽ ወጋየሁ የሞተውን ትተው ደህናውን አይነቅሉም። ስለዚህ ሌላ ሰው ነቅሎ አስጨብጧቸዋል፤ ጥፋቱ የራሳቸው እንዲመስል። እሳቸው አጥፍተው እጃቸውን አስገብተዋል፤ ያ ሰው ከበሩ ጀርባ ሆኖ አበራባቸው። ኢስማኢልና ምስጢር አምፖሉን አይሳሳቱም። ማሽኑን የሠራ ሰውም አይሳሳትም።»

ሚሳኤል ከረባቱን አላላ። «ዕድሜያቸውን ጨርሰው ነበር» አለ፤ «ስሙ ለእኔ ቢቀር ምን ይጎዳቸዋል?»

ፖሊሶቹ ወሰዱት።

ኢስማኢል ከተለቀቀ ከሳምንታት በኋላ ነጩን አምፖል በአዲስ ተካና ወደ በሩ ጀርባ ሄደ። ምስጢር ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ላብራ?» አለ እንደ ልማዱ።

መልስ ጠበቀ። ከዚያ ሳያበራ እጁን ከማብሪያው ላይ አነሳ።