ከጅቡቲ የተመለሰው ካሴት

በ1980 ዓ.ም. ድሬዳዋ ውስጥ ጅቡቲ ዘመድ ያለው ሰው ደብዳቤ አይጽፍም ነበር፤ ካሴት ይቀርጻል። ባዶ ካሴት ይገዛል፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ጫትና ሻይ ይቀርባል። ከዚያ ሁሉም በየተራ ወደ ቴፑ ተጠግቶ ሰላምታውን ይናገራል። ካሴቱ በባቡር ይሄድና በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት መልሱ በሌላ ካሴት ይመጣል። ያኔም ጎረቤት ተሰብስቦ ያዳምጣል። የመጣለትን ካሴት በር ዘግቶ ብቻውን የሚያዳምጥ ሰው ስስታም ይባል ነበር።

ልማዱ በሙሉ መጥፎ ነበር አልልም። ፊደል ያልቆጠረች እናት የልጇን ድምፅ የምትሰማበት ሌላ መንገድ አልነበራትም። ችግሩ፣ ቴፑ ፊት የተቀመጠ ሰው የሚያናግረው ክፍሉ ውስጥ ያሉትንና ጅቡቲ ያለችውን አንዲት ሴት ብቻ ይመስለው ነበር።

በደቻቱ ወንዝ ዳር አምስት ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ቴፕ ያላት በድሪያ ብቻ ነበረች። ጨርቅ ትነግዳለች፤ ጨዋታ አዋቂ ናት። በተለይ የሰው ድምፅ ማስመሰል ይሆንላታል። የቀበሌውን ጥበቃ ስታስመስል ዓይኑን የጨፈነ ሰው ራሱ ጥበቃው መጣ ብሎ ይነሳል። ስለዚህ በሰፈሩ ካሴት የሚቀረጽበት ቤት ሁሉ መጀመሪያ የምትጠራው እሷ ነበረች።

ከበድሪያ ቀጥሎ ያለው ክፍል የቱሪያ ነው። ቱሪያ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሴት ልጇ ሆዳን ጅቡቲ አግብታ ትኖራለች። ወንድ ልጇ ኢስሃቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ የቀበሌው ሰዎች ደግሞ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሊሞሉ ስሙን ጽፈውታል። ቱሪያ ልጇን ከከተማ ውጭ ጀልዴሳ ግመል የሚያረባ አጎቱ ዘንድ ላከችው። ሲጠይቋት «ሐረር ሥራ ፍለጋ ሄዷል» አለች። እውነቱን የሚያውቁት የግቢው ሰዎች ብቻ ነበሩ።

የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሆዳን ካሴት ሊቀረጽ ሴቶቹ ቱሪያ ቤት ተሰበሰቡ። በድሪያ ቴፑን ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች።

«ሆዳን አባዮ፣ እህቴ! በድሪያ ነኝ። ከእኔ በፊት የቀበሌያችን ጥበቃ ሊያናግርሽ ይፈልጋል።» ድምፅዋን አጎረነነች። «ጓድ ሆዳን! ሦስት ተከታታይ ስብሰባ ቀርተዋል! ጅቡቲ ነኝ ማለት ምክንያት አይሆንም! የስኳር ራሽንዎ ታግዷል! ባልዎም ባል ስለመሆኑ ከቀበሌ ማስረጃ ያቅርብ!»

ሴቶቹ በሳቅ ተንፈራፈሩ። ቱሪያ እንኳ ሳቀች። በድሪያ ሳቁ ሳያባራ ቀጠለች።

«ስለ ኢስሃቅ ደግሞ አታስቢ። ሐረር ሄደ ቢሉሽ አትስሚ። ጀልዴሳ አጎቱ ጋ ነው። የግመል ወተት እየጠጣ አንገቱ ወፍሯል ወላሂ። እነሱ ሐረር ይፈልጉት!»

ሸዋገነት እጇን ሰደደችና ቴፑን አቆመችው። ሸዋገነት እዚያው ግቢ የሚኖረው የባቡር ሠራተኛ የካሣ ሚስት ናት፤ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ትሠራለች።

«በድሪያ፣ ይሄን አጥፊው። ወደ ኋላ መልሺና ሌላ ነገር ተናገሪበት።»

«ለምን? እህቱ አይደለችም እንዴ?»

«እህቱ ናት። ካሴቱ ግን እሷ ጋ ብቻ ይቀራል ያለሽ ማነው? እኔ ደብዳቤ ስተይብ ግልባጩ ለማን ለማን እንደሚሄድ ከታች እጽፋለሁ። የዚህን ግልባጭ ማን ይጽፍልሻል?»

«አቦ አንቺ ደግሞ! ቢሮሽን እዚያው ተይው። በሕልምሽም ማህተም ሳትመቺ አታድሪም!»

«ሳቂ። የምታወሪው ግን ስለራስሽ አይደለም። ቱሪያን ጠይቀሻታል?»

በድሪያ ወደ ቱሪያ ዞረች። «ቱሪያ፣ ልጅሽ በሰው አገር ታልቅስ ነው የምትይው?»

ቱሪያ ሻሿን አስተካከለች። «እኔ እንጃ… ባለፈው ካሴት አልቅሳለች።»

«ይኸው! ደግሞ ወደ ኋላ ስመልሰው ጥበቃዬ ቢጠፋብኝስ? እንደዛሬው ሆኖ አይወጣልኝም።»

ቴፑን እንደገና አስነሳችው። ቱሪያ «እኔ እንጃ» ነው ያለችው፤ «እሺ» አላለችም። አንዲት እናት ስለ ልጇ ሕይወት «እኔ እንጃ» ስትል ነገሩ እዚያው መቆም ነበረበት። አልቆመም። ካሣ ሰኞ ካሴቱን በስንቅ ቦርሳው ይዞ ባቡር ላይ ወጣ።

ሆዳን ደስ አላት። እዚያ ያሉ የድሬ ልጆችን ጠርታ አሰማች። እነሱም ለሌሎች ለማሰማት ተዋሱት። ከተዋሱት አንዱ በጥበቃው ጨዋታ ስለሳቀ ገልብጦ አስቀረ፤ ከእሱም ሌላው ገለበጠ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ካሴቱ ከልባሽ ጨርቅና ከሬዲዮ ጋር በኮንትሮባንድ ጭነት ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ።

በድሪያ ይህን ያወቀችው አንድ ሐሙስ እኩለ ቀን፣ ዛሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ ጨርቅ ልትገዛ ወጥታ ነው። ካሴት ከሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ሰዎች ተሰብስበዋል። የራሷን ድምፅ ሰማች፦ «ባልዎም ባል ስለመሆኑ…» ሰዉ አብሮ ይጨርሳል። በቃሉ አውቆታል።

አንዱ ደጋግሞ ተመለከታትና «አንቺ ነሽ እንዴ! ድምፅሽ ነው! አቦ ይመችሽ!» አለ።

በድሪያ አፈረች፣ ደስም አላት። ሰዉ «ድገሚልን» ሲል እዚያው ቆማ ደገመችላቸው። ተጨበጨበላት። ምን እንዳስከተለች የገባት ባለሱቁ እየሳቀ ሲያናግራት ነው።

«ወላሂ ራሱ ጥበቃው ጠዋት መጥቶ አንድ ካሴት ወስዷል። ለሊቀመንበሩ አሰማለሁ ብሎ።»

በድሪያ ከጥበቃው ጨዋታ ቀጥሎ ያለውን አስታወሰች። ጨርቁን ሳትገዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ግቢው በር ላይ ቱሪያ ምስር እየለቀመች ነበር። «ምነው በጊዜ? ፊትሽ ልክ አይደለም» አለቻት።

«ራሴን ነው። ፀሐዩ» አለችና ገባች።

ከሰዓቱን ሙሉ ተኝታ ለራሷ ስታስረዳ ዋለች። ስቀው ይተዉታል። እስከ መጨረሻው የሚያዳምጥ የለም። ጥበቃው ቢናደድም የሚናደደው በእኔ ነው። ደግሞ አሁን ብነግራት ቱሪያ ምን ትለኛለች? ሸዋገነትስ? ይበልጥ ያስጨነቃት ይህ የመጨረሻው ነበር። ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ የተቀመጠችውን ሴት አልጠራቻትም።

በኋላ እንደተሰማው፣ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት የነበሩት ሰዎች በጥበቃው ጨዋታ እንባቸው እስኪወርድ ስቀዋል። ጥበቃው ራሱ ስቋል። በድሪያን ምንም ሊያደርጓት አላሰቡም። ካሴቱን የሚያቆም ሰው ስላልነበረ ግን ቴፑ መናገሩን ቀጠለ።

ዓርብ ጠዋት የቀበሌ ታጣቂዎች በጭነት መኪና ጀልዴሳ ሄዱ። ኢስሃቅን ግመሎች ውኃ ሲያጠጣ ያዙት። አጎቱንም «ደብቀሃል» ብለው ለሁለት ወር አሰሩት። ቱሪያ ሰምታ ቀበሌ ስትደርስ ልጇ የተጫነበት መኪና ከከተማ ወጥቷል። የሚለብሰውን ሹራብ ይዛ ሄዳ ይዛው ተመለሰች።

ግቢው ውስጥ «ማን ጠቆመ?» ተባለ። መልሱን ለማግኘት ብዙም አልደከሙም። ሸዋገነት የመንግሥት ሠራተኛ ናት፤ ካሴቱን አጥፉ ያለችውም እሷ ናት፤ ነገሩን ከቢሮዋ ሰምታ ነበር ማለት ነው። የተናገሩት ይህንን ነው። ሸዋገነት ስታልፍ ሰላምታ የሚመልስላት ጠፋ። ልጆቿን «የጠቋሚ ልጆች» አሏቸው። በድሪያ ይህን ሁሉ ለሦስት ቀን በዝምታ ተመለከተች።

ሰኞ ሴቶቹ ቱሪያን ሊያጽናኑ ተቀምጠው ሳለ ሸዋገነት ምግብ ይዛ ገባች። አንዷ ሴት ሳህኑን ተቀብላ በር ላይ አስቀመጠችው። ያኔ በድሪያ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«መልሺው። ሳህኑን አስገቢው። እሷ አይደለችም፤ እኔ ነኝ። ካሴቱ ተመልሶ መጥቷል፤ ገበያ ውስጥ ይሸጣል። ሐሙስ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ቱሪያ ቀና አለች።

«ሐሙስ መቼ?»

«እኩለ ቀን ላይ።»

«ራሴን ነው ያልሽኝ ጊዜ?»

«አዎ።»

«ጥበቃው ካሴቱን እንደወሰደ ያኔ ታውቂያለሽ?»

«ባለሱቁ ነግሮኛል።»

ቱሪያ አልጮኸችም። «የጀልዴሳ ወተት ሻጮች አሥር ሰዓት ላይ ነው የሚመለሱት» አለች። «በዚህ በራችን ነው የሚያልፉት። ለአንዷ ብነግራት ኖሮ ኢስሃቅ ዓርብን እዚያ አይጠብቅም ነበር። አፍሽ ያመልጥሻል፤ ሁላችንም ያመልጠናል። ይቅር የምልሽ እሱን ነው። ሐሙስን ግን አልችልም፤ አትጠይቂኝ።»

ከኢስሃቅ ሁለት ደብዳቤ መጣ፤ ሁለተኛው ከሰሜን ነበር። ከዚያ በኋላ አልመጣም። መንግሥት ተለውጦ ወታደሮቹ በየመንገዱ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ቱሪያ የገቡትን ሁሉ እየሄደች ጠየቀች። አንዱም አላየውም።

ኢስሃቅ በተያዘ ሰሞን የግቢው ሴቶች «ከእንግዲህ ካሴት የሚባል አይቀረጽም» ብለው ነበር። እንቢ ያለችው ቱሪያ ናት። «አንዱን ልጄን አጥቻለሁ፤ የሌላዋን ድምፅ ልጣ?» አለች። ሸዋገነትን ለምና የቴፑን አዝራሮች ተማረች፤ የቱ ያስጀምራል፣ የቱ ያቆማል፣ የቱ ያጠፋል። ከዚያ በሩን ዘግታ ብቻዋን ተቀመጠችና ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለምታበስለው ተናገረች። ጨርሳ ወደ ኋላ መልሳ አዳመጠችው። የጎረቤት ስም የተነሳበትን ቦታ አግኝታ አጠፋችው። ስስታም የሚላት አልነበረም።

ለሆዳን የወንድሟን መያዝ በካሴት የሚነግራት አልተገኘም። በድሪያ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ሰባት ወር ተመላለሰችና በባቡር ሄዳ በአፏ ነገረቻት። ሆዳን «እኔም አዋስኩት» አለች። «ያ ቃል እንዳለበት እያወቅሁ። ሳቃችሁን ይስሙልኝ ብዬ።»

አሁን ቴፑ በየኪሳችን አለ፤ ባቡርም አይጠብቅም። ስልክ ጣሉ፣ ዝም በሉ የሚል ምክር አልወድም፤ ቱሪያም አልጣለችም። መሣሪያውን እወቁት፤ የት እንደሚጠፋ፣ ማን እንደሚሰማው ሳታውቁ አትናገሩበት። ስለራሳችሁ የፈለጋችሁትን ተናገሩ። የሌላ ሰው ልጅ ያለበትን ቦታ፣ የሌላ ሰው ሕመም፣ የሌላ ሰው ፎቶ ግን ባለቤቱ በግልጽ «እሺ» ሳይል አታውጡ። የተላከላችሁንም ስላሳቃችሁ ብቻ አታስተላልፉ። ተሳስታችሁ ከሆነ ደግሞ ማንም እስኪያጋልጣችሁ አትቆዩ። የሚጎዳውን ሰው ዛሬውኑ፣ እያፈራችሁም ቢሆን፣ በሩን አንኳኩታችሁ ንገሩት።