የኔልዳ ቋጠሮ በደራሽ ውሃ

ንፋሱ የታንኳዋን አፍንጫ ይዞ ወደ ድንጋያማው ዳር ጠመዘዛት። ሮይስ ታኬት መቅዘፊያውን ውሃው ውስጥ ሰክቶ በሙሉ ክብደቱ ተደገፈበት፤ ከፊት የተቀመጠችው ሚስቱ ኔልዳ ተንበርክካ በሌላው ጎን ቀዘፈች። ታንኳዋ ተንገዳግዳ ተስተካከለች። የኔልዳ ባርኔጣ ግን ከራሷ ላይ ተነስቶ፣ ውሃውን ነካ ነካ አድርጎ፣ ወደመጡበት አቅጣጫ በረረ።

«ባርኔጣዬ!»

«ተይው! ቅዘፊ ሴትዮ! እሱ ከእኛ ይልቅ ብልህ ነው፣ ወደ ቤቱ እየተመለሰ ነው!»

ዴቪልስን፣ ማለትም የሰይጣኑን ወንዝ፣ ስም ያወጡለት ሰዎች አልተሳሳቱም። በደረቁ የቴክሳስ ምድር መሃል፣ እሾህና ትኩስ ድንጋይ ብቻ በሚታይበት፣ ከመሬት ሥር ፈልቆ ጥርት ብሎ ይወርዳል። ታንኳ ከሚገባበት እስከሚወጣበት ድልድይ ድረስ መንገድም ስልክም የለም። ውሃውና በመሃሉ ያሉት ደሴቶች የሕዝብ ናቸው፤ ዳርና ዳሩ ግን የባለ ከብቶች ነው። ዳሩን በእግሩ የረገጠ ሰው ጠመንጃ ከያዘ ባለርስት ጋር ይነጋገራል።

ሮይስ በዚህ ሁሉ ውስጥ የሚያልፈው ለአንድ ዓሣ ሲል ነበር። የመስፉ ድንጋይ ከሚሉት ቋጥኝ ሥር፣ ጥልቁ ውስጥ፣ ባስ የሚባል አንድ ትልቅ ዓሣ ይኖራል። ሁለት ጊዜ ይዞት ሁለት ጊዜ አምልጦታል፤ በኦዞና ከተማ ይህን ያልሰማ ጸጉር ቆራጭም ቄስም የለም። ስለ ክር፣ ስለ ዘንግና ስለ መዘውር ከጀመረ የሚያስቆመው አይገኝም። ሰው ሁሉ ይወደው ነበር፣ አብሮት ዓሣ ለማጥመድ የሚፈልግ ግን ጠፋ። ምክንያቱም ሮይስ የሌላ ሰው ቋጠሮ አያምንም። ኔልዳ መንጠቆዋን አስራ ዞር ስትል ይፈታዋል፤ ራሱ ደግሞ ያስረዋል። ከተጋቡ ጀምሮ እንዲሁ ነው።

በዚህ ጉዞ መነሻ ላይ ኔልዳ ታንኳዋ ውስጥ ከመግባቷ በፊት ቁርጡን ነግራዋለች። «አንድ ቋጠሮዬን ብትነካ፣ ከእንግዲህ ወንዝ የሚባል ነገር ላይ አብሬህ አልወጣም። ብቻህን ታወራለህ፣ ብቻህን ትቀዝፋለህ።» ቀልድ አልነበረም። እሱም ማለ።

በነጋታው ማለዳ ካደሩበት ደሴት ለመነሳት ኔልዳ ዕቃውን ስትሸክፍ፣ የክሮቹ ቦርሳ ሥር አንድ ነገር ሲንሿሿ ሰማች። እባብ ነው፤ ጅራቱን ቀጥ አድርጎ እያንቀጨቀጨ ተጠምጥሟል። እጇ ከአፉ አንድ ክንድ አይርቅም።

«አትንቀሳቀሺ» አለ ሮይስ ከኋላዋ፣ በሹክሹክታ።

«ልንቀሳቀስ ያልኩ መሰለህ?»

መቅዘፊያውን ቀስ አድርጎ በክንዷና በእባቡ መሃል አስገባ። እባቡ እንጨቱን ነደፈው። ሮይስ በዚያው ቅጽበት ከነጥምጥሙ አንስቶ ወደ ውሃው አሽቀነጠረው፤ እባቡም ራሱን ከፍ አድርጎ እየዋኘ ሄደ። ኔልዳ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ባሏ ዘንጓን ጭኑ ላይ አጋድሞ አየችው። የያዘው የቋጠሮዋን ጫፍ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«እ... እያየሁት ነው እንጂ...»

«ፈታኸው!»

«አላራስሽውም እኮ! ክሩን ሳታርሺ ካጠበቅሽው ይቃጠላል፣ ሲቃጠል ይልፈሰፈሳል፣ ዓሣው አንዴ ሲጎትት...»

«አርሼዋለሁ! በምራቄ! እባብ ሊነድፈኝ ነበር፣ አንተ ቋጠሮ ትፈታለህ?»

ዘንጉን ነጠቀችው። ከዚያ ሁሉ ክር መርጣ፣ እሱ እጅግ የሚንቀውን አረንጓዴ ጉንጉን ክር የተጠቀለለበትን ትልቁን መዘውር ገጠመችበት።

«በዚህ ጥርት ባለ ውሃ ጉንጉን ክር? ዓሣው ዕውር መሰለሽ? እዚህ የሚያስፈልገው ግልጹ ክር ነው፤ ውሃ ውስጥ አይታይም፣ ድንጋይ አይቆርጠውም። ጉንጉኑ ጠንካራ ነው፣ እሺ፣ ሩቅም ይሄዳል፣ ግን ድንጋይ ከነካው...»

«አለቀ፣ ሮይስ። ይሄ የመጨረሻው ነው።»

ከዚያ በኋላ የሚንቦጫረቀው ውሃ ታንኳዋን ከድንጋይ ድንጋይ ሲያላትማት እንኳ «ግራ» እና «ቀኝ» ብቻ ነበር የሚባባሉት። በሰሜን በኩል፣ ወንዙ በሚመጣበት፣ ሰማዩ ጠቁሮ መብረቅ ያለ ድምፅ ይብለጨለጫል። እነሱ ያሉበት ግን ፀሐዩ አናት ይበሳል። ሮይስ ደመናውን አየው፤ አይቶም መቅዘፉን ቀጠለ። የመስፉ ድንጋይ ቀርቦ ነበርና።

ድንጋዩ ከወንዙ መሃል ይልቅ ወደ ማዶው የቀረበ ነው፤ አናቱ እንደ ቀጥቃጭ መስፍ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ ስለታም። ሮይስ ታንኳዋን በዚህኛው ዳር፣ ውሃው ውስጥ ከቆመ ግንድ ላይ አሰራት። ቀጭኑን ዘንጉን በግልጹ ክር አዘጋጅቶ፣ እስከ ወገቡ በውሃ ውስጥ ተራምዶ ድንጋዩ ላይ ወጣ። ኔልዳ ታንኳዋ ውስጥ ትንሽ ቆየች። እግሯን ሲያማት ወደ ዳሩ ወጥታ ቋንጣዋን ማኘክ ጀመረች።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ወይዘሮ» አለ አንድ ድምፅ።

ቀጠን ያለ ሽማግሌ ነው፤ ጉንጩ በሚታኘክ ትምባሆ አብጧል፣ ጠመንጃው ክንዱ ላይ ተጋድሟል። ከበስተኋላው አሮጌ የጭነት መኪና ቆሟል። «ኮይ ዱናጋን እባላለሁ። መልካም ቀን ይሁንልዎ። እግርዎ ግን የእኔ መሬት ላይ ነው።»

«አንድ ክንድ ነው የገባሁት!»

«አንድ ክንዱም የእኔ ነው። ባለፈው ዓመት እንደእርስዎ አንድ ክንድ የገቡ ሰዎች ሁለት ፍየል አርደውብኝ ሄደዋል። ባልዎን ይጥሩና ይነሱልኝ። ማስቸገር አልወድም።» ጠመንጃውን ከክንዱ ወደ እጁ አወረደው።

ኔልዳ ተቆጥታ አፏን ስትከፍት አንድ ድምፅ ሰማች። ከሩቅ የሚመጣ የጭነት ባቡር ይመስላል። ባቡር ግን በዚያ አገር የለም። ኮይም ሰማው፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ባልዎን ይጥሩት። አሁኑኑ!»

«ሮይስ! ውሃ! ውሃ መጣ! ውጣ!»

የሮይስ ዘንግ እንደ ቀስት ጎብጦ ነበር። መዘውሩ ይጮሃል፣ ፍሬኑ ይንሸራተታል። ባሱ ከጥልቁ ብቅ ብሎ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ኔልዳ እንኳ ከዳር ሆና ስፋቱን አየች። ሮይስ ዞር ብሎ ወደ እሷ ተመለከተ። ከዚያ ፊቱን ወደ ዓሣው መለሰ።

«ሮይስ!»

ደራሽ ውሃው ከመታጠፊያው ብቅ አለ። ግንድ፣ አጥርና የሞተ ፍየል የተሸከመ ቡናማ ግድግዳ ነው። ታንኳዋ ከነግንዱ ተነቅላ ተገለበጠች። ሮይስ በዚያች ሰዓት የዓሣውን ከንፈር በእጁ ይዞ ነበር። ጣለው፤ ዘንጉንም ጣለ። ሊራመድበት የነበረው ውሃ ግን አሁን የሰው ቁመት አልፏል። ድንጋዩ አናት ላይ በአራት እግሩ ተለጠፈ፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ሳመው።

ኔልዳ ወደ ዳሩ ስትወጣ ከታንኳዋ ይዛ የወረደችው ዘንጓንና የክሮቹን ቦርሳ ብቻ ነበር። ኮይ ጠመንጃውን መሬት ላይ ወርውሮ ከመኪናው የከብት ማጥመጃ ገመዱን አመጣ። እያሽከረከረ ወረወረ። ንፋሱ መልሶ ፊቱ ላይ ጣለበት። ደግሞ ወረወረ፤ ግማሽ እንኳ አልደረሰም።

«ሌላ ገመድ ልቀጥልበት?»

«ቢቀጥሉትም በእጅ አይደርስም። ይቆዩ!» ኔልዳ ከቦርሳው ከባድ እርሳስ አውጥታ በጉንጉኑ ክር ጫፍ ላይ አሰረች፤ ዘንጉን በሁለት እጇ ወደ ኋላ ሳበች። «እርስዎ ወፍራሙን ገመድ ይቀጥሉበት!»

እርሳሱ በንፋሱ ውስጥ እያፏጨ ሄዶ ከሮይስ በላይ አለፈ። ክሩ ትከሻው ላይ አረፈ፤ ያዘው። ኔልዳ ከመዘውሩ ክር ፈታ ፈታ አድርጋ ቆረጠችና የገመዱን ጫፍ አሰረችበት። ሮይስ መሳብ ጀመረ። ገመዱ ወንዙ መሃል ሲደርስ ደራሹ ያዘው፤ ክሩ ከበደ፣ ከበደ፣ የድንጋዩን ስለታም ጠርዝ እየፈገፈገ ወጣ። ከዚያ ያለ ምንም ድምፅ ተቆረጠ።

«ድንጋዩ!» ብሎ ጮኸ ሮይስ። ሌላ ነገርም ተናገረ፣ ቃሉን ግን ውሃው ዋጠው። ውሃው ጉልበቱ ላይ ደርሷል።

ኔልዳ መዘውሩን አየች። አንድ ውርወራ የሚሆን ክር ቀርቷል፤ ከዚያ በላይ የለም። ኮይ ገመዱን ወደ ዳር እየሳበ፣ «ሌላ ክር የለዎትም?» አላት።

ነበራት። የሮይስ ወፍራሙ ግልጽ ክር ቦርሳው ውስጥ አለ። ለውርወራ አይሆንም፤ ከመዘውሩ እንደ ሽቦ እየተጠማዘዘ ይወጣል፣ በዚህ ንፋስ ሩቅ አይሄድም። ግን ድንጋይ አይቆርጠውም። ጉንጉኑ ይሻገር፤ ጭነቱ ሲመጣ ጠርዙ ላይ የሚያርፈው ግልጹ ይሁን። ሁለቱን የሚያገናኛቸው አንድ ቋጠሮ ነው።

ወረወረች። እርሳሱ ከድንጋዩ ማዶ ወደቀ፤ ክሩን ሮይስ በጥርሱ ያዘው። ኔልዳ ከመዘውሩ ቆረጠችው። ግልጹን ክር ብዙ ክንድ አውጥታ ደረበችው፤ ቀጭኑን ጉንጉን ክር በወፍራሙ ላይ አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያደረገች፣ እያጠጋጋች፣ ጠቀለለች። ሊያልቅ ሲል ወደ አፏ አስጠጋችው። አፏ ግን ደርቋል። ምላሷ እንደ ጨርቅ ሆኗል፤ የወንዙ ውሃ ደግሞ አሸዋ ብቻ ነው።

«ይትፉበት!»

«ምን አሉኝ ወይዘሮ?»

«ትፋበት አልኩህ! ቋጠሮው ላይ!»

ኮይ ዱናጋን በሴት ፊት ተፍቶ አያውቅም። ጎንበስ አለና ቡናማውን የትምባሆ ምራቁን ቋጠሮውም እጇም ላይ ለቀቀው። ኔልዳ ቀስ ብላ አጠበቀች። ቋጠሮው ተንሸራቶ፣ ገባ፣ ነከሰ። የግልጹን ሌላ ጫፍ ከገመዱ ጋር አስራ፣ የገመዱን መጨረሻ ለኮይ ሰጠችው። እሱም ከመኪናው መጎተቻ ላይ አሰረው።

«ሳብ!»

ሮይስ ክሩን መዳፉ ላይ እየጠቀለለ ሳበ። ጉንጉን ክር እጅ ይቆርጣል፤ ቆረጠው። ደሙ በክንዱ ወረደ። ውሃው ጭኑ ላይ ደረሰ። አረንጓዴው አለቀና ቋጠሮው ከውሃው ወጥቶ በድንጋዩ ጠርዝ ላይ አረፈ። አየው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይፈታው ነበር። አሁን ከእሱ በቀር የሚይዘው ነገር አልነበረውም። ገመዱ በደራሹ መሃል እንደ በሬ ጎተተ፤ ክሩ ዘፈነ። ሮይስ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበ።

ቋጠሮው ጠርዙን አለፈ። ከበስተኋላው ግልጹ ክር መጣ፤ ተፋቀ፣ አልተቆረጠም። ከዚያ ገመዱ እጁ ገባ።

በብብቱ ሥር አስሮ ዘለለ። ውሃው ዋጠው፣ ተፋው፣ ግንድ ትከሻውን መታው። ኮይ መኪናውን ከወንዙ እያራቀ ነዳ፤ ኔልዳ ገመዱን ተከትላ እየጮኸች ሮጠች። በመጨረሻ እስከ ደረቷ ገብታ በሸሚዙ አንገትጌ ይዛ ጭቃው ላይ ጎተተችው። ሁለቱም ተዘርግተው ያስሉ ጀመር። የኮይን ጠመንጃ ከተጣለበት ቦታ ውሃ ወስዶታል።

«የአባቴ ነበር» አለ ኮይ ባዶውን ቦታ እያየ። ከዚያ ሮይስን ደግፎ አነሳውና ወደ መኪናው ይዞት ሄደ።

መኪናው በእሾሁ መሃል እየተንገጫገጨ ሄደ። ሦስቱ በአንድ ወንበር ተጣበዋል። ኔልዳ በኮይ ንጹሕ መሃረቦች የሮይስን ሁለት እጆች ስትጠቀልል ጥርሱን ነክሶ ቆየ።

«ኔልዳ።»

«ዝም በል፣ እጅህን አታንቀሳቅስ።»

«መጀመሪያ ስትጠሪኝ ሰምቼሽ ነበር።»

«አውቃለሁ። ዞር ብለህ አይተኸኛል።»

ሮይስ ማልቀስ ጀመረ። ጉልህ ለቅሶ ነበር፣ ሊደብቀውም አልሞከረም። ኮይ መስኮቱን ከፈተና ወደ ውጭ ያይ ጀመር። ኔልዳ ተናዳ ነበር፤ እጇ ግን ከመሃረቡ አልተለየም። ብትተወው ደግማ እንደማትይዘው ታውቅ ነበር። ጠቅልላ ስትጨርስ አሰረችው።

«እና ዓሣው ትልቅ ነበር?» አለ ኮይ።

ሮይስ ቀና አለ። የተጠቀለሉት እጆቹ ከጭኑ ላይ ተነስተው ግራና ቀኝ ሊዘረጉ ጀመሩ። ኔልዳን አያት። እጆቹ ቀስ ብለው ወደ ጭኑ ተመለሱ።

«አላየሁትም» አለ።

ኔልዳ ዓሣውን ከዳር ሆና አይታዋለች፤ እንደዚያ ያለ ባስ በሕይወቷ አላየችም። ሮይስ ብዙ ጊዜ ዋሽቷታል። ደስ ያላት ውሸት ግን ይህ የመጀመሪያው ነበር።