«ወንድሜ ነው» ያለችው ሄድፎን ሻጭ

«በስመ አብ!... ማነው ከኋላዬ?»

ልጅቷ ጮኻ ስትዞር ክርኗ ሻጩን መንገሻን ደረቱ ላይ አገኘው። ከኋላዋ ግን ማንም አልነበረም። መንገሻ ራሱ የቆመው ከጎኗ ነው። ኮቴውን እያሰማ የመጣባት ሰው ያለው ጆሮዋ ላይ ባደረገችው ሄድፎን ውስጥ፣ ለሙከራ በተከፈተው ጌም ውስጥ ነው።

መንገሻ ደረቱን ይዞ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል አንድ ነገር ገባው። ይቺ በጥቁር አባያ ተጠቅልላ፣ አንገቷን ደፍታ ከእመቤቷ ኋላ የገባች ልጅ ለካ ያገሩ ልጅ ናት!

«አይዞሽ፣ ጌም ነው» አላት ቀስ ብሎ፣ በአማርኛ።

ዓይኗ ፈጠጠ። «ውይ በሞትኩት! ሐበሻ ነህ እንዴ? ይቅርታ... በጣም ይቅርታ! አመመህ?»

«ኧረ ምንም አልሆንኩ። ክርንሽ ግን... የምር ክርን ነው!»

አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። እሱም ሳቀ። በቃ! ነገሩ ሁሉ የተጀመረው እዚያች ሳቅ ላይ ነው።

ጊዜው ሁለት ሺህ አሥራ አንድ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። ቦታው ዓረብ አገር፣ ኾበር የምትባል ከተማ፣ መንገሻ የሚሠራበት የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ። ልጅቷ አምሳል ትባላለች፤ የወልዲያ ልጅ ናት፣ እዚያው አቅራቢያ ደማም ከተማ፣ አል ሻጢእ ሰፈር ማዳም ዘሐራ ቤት ትሠራለች። የማዳም ባል ማንቸስተር ለትምህርት ከሄደ ሰነባብቷል። ባልና ሚስቱ ታዲያ የሚገናኙት የት መሰላችሁ? ጌም ውስጥ! ሐሙስ ሐሙስ ሁለቱም ፕሌይስቴሽናቸውን ከፍተው አብረው እየተታኮሱ የልባቸውን ያወራሉ። አሁን ግን የማዳም ሄድፎን አንዱ ጆሮው ሞተና የባሏ ድምፅ በግማሽ ቀረባት።

አዲስ ልግዛ ብላ መጣች፤ ግን ፊቷን በኒቃብ የሸፈነች ሴት ሱቅ መሀል ተገልጣ ሄድፎን አትለካም። ስለዚህ አምሳልን አስቀደመቻት። «አንቺ ልኪውና ንገሪኝ» አለቻት። የፈለገችውም ግልጽ ነው። ኮቴ ከግራ ይምጣ ከቀኝ የሚለይ፣ ጆሮ የማያሳምም፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ማይኩ የሚነቀል ይሁን። ጌሙ ውስጥ የማታውቀው ወንድ ሲገባ ማይኩን ትነቅለዋለች፤ ድምጿን ከባሏ በቀር ማንም እንዲሰማው አትፈልግም።

መንገሻም ከመደርደሪያው አንድ ጥሩ አወረደ። ስፖንጁን በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና ለአምሳል በሁለት እጁ ሰጣት። ከዚያ ነው ያ ሁሉ ጩኸትና ክርን የመጣው።

ማዳም ዘሐራ ከቴሌቪዥኖቹ በኩል መለስ አለች። «ምንድነው የሚያስቃችሁ? ታውቂዋለሽ እንዴ?»

የአምሳል ፊት አመድ መሰለ። እዚያ አገር የቤት ሠራተኛ ከማታውቀው ወንድ ጋር ስትሳሳቅ መገኘቷ ቀላል ነገር አይደለም። ማዳም ከከፋት በማግስቱ ወደ አገርሽ ልትላት ትችላለች። አምሳል ሳታስበው አፏ ቀደማት።

«አኹዊ!... ወንድሜ ነው፣ ማዳም!»

ነገሩ ለመንገሻ ወዲያው ገባው። አይደለሁም ቢል ልጅቷ አለቀላት።

«አይዋ... እህቴ ናት» አለ፤ ድምፁ እንደ አሮጌ ካሴት እየተንቀጠቀጠ።

አሁን ይህን ማን ያምናል? እሱ እንደ መብራት እንጨት የረዘመ ጥቁር፣ እሷ ትከሻው የማትደርስ ቀይ! ማዳም በኒቃቧ ውስጥ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

«ማሻአላህ» አለች በመጨረሻ። «ወንድም ማግኘት መታደል ነው።» ሄድፎኑን አስጠቀለለችና ወጡ።

በሳምንቱ አምሳል ሄድፎኑን ይዛ ተመለሰች። ያመጣት የቤቱ ሾፌር ጋሽ ገለታ ነው፤ ጠና ያለ የጅማ ሰው። በሩ አጠገብ ወንበር ይዞ ተቀመጠ።

«ገመዱ አጥሮኛል ብላለች» አለች አምሳል።

መንገሻ ለካው፤ ገመዱ ግድግዳ ለግድግዳ ይደርሳል። ግን ምን ገዶት! ሌላ ቀየረላት። በቀጣዩ ሐሙስ እሱም ተመለሰ፤ ጆሮዋን አሞቃት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያመጣችው ደግሞ ማይኩ ጥፋተኛ ሆኖ መጣ። መንገሻ ሁሉንም ሞከራቸው፤ አንዱም እንከን የለውም። «የሀብታም ነገር!» አለና ተወው። ደግሞስ ሄድፎኑ ባይመለስ አምሳል መቼ ትመጣለች?

ማይክ ሲሞከር እሷ ወዲያ ጥግ ሆና ትናገራለች፣ እሱ ሄድፎኑን አድርጎ ያዳምጣል።

«ይሰማል?»

«ይሰማል... እስቲ ትንሽ ጨምሪ።»

«ምን ልበል?»

«የፈለግሽውን።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ዛሬ እናቴን በስልክ አገኘኋት። ደህና ነኝ አልኳት... ስዘጋው ግን አለቀስኩ። እዚህ ስሜን እንደሷ የሚጠራኝ ሰው የለማ።»

ቃሉ ማንም ሳይሰማው በቀጥታ መንገሻ ጆሮ ውስጥ ገባ። ልቡ ስፍስፍ አለ።

«አምሳል» አላት።

«ወዬ።»

«ምንም... ስምሽን ልጥራው ብዬ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከንፈሯ ግን ፈገግ ብሏል። ከዚያ ወዲህ መንገሻ ሐሙስ እስኪደርስ የሚበላው አይበላለት፣ የሚተኛው አይተኛለት። እወድሻለሁ ሊላት ስንቴ አፉን ከፈተ! ግን አፉን በከፈተ ቁጥር ጋሽ ገለታ በሩ ላይ አለ። እሷም «ወዬ ወንድሜ!» ብላ ታሾፍበታለች፤ እሱም ቃሉን ይውጠዋል። ውሸቱ ከታወቀ የአምሳል ነገር ያበቃል። እሱም ካፊሉ፣ ማለትም ያስመጣው ቀጣሪው፣ የመኖሪያ ወረቀቱን ኢቃማውን ነጥቆ ከአገር የሚያስወጣውን ኹሩጅ ቢያስመታበት ምን አፍ ይኖረዋል?

በመጨረሻ ማዳም የላከችው ደግሞ የባሰ ነው። «የመጀመሪያውን መልስልኝ ብላለች» አለችው አምሳል። መንገሻም ያንኑ የመጀመሪያውን ሄድፎን ስፖንጁን ጠርጎ ሰጣት። የዋህ! እዚህ ላይ እንኳ አልጠረጠረም።

ከዚያ አንድ ቀን ጋሽ ገለታ ብቻውን መጣ። ወንበር ሲሰጠው እምቢ አለ። ኮቱን ቆልፎ፣ እጁን አጣምሮ ሄድፎኖቹ መሀል ቆመ።

«ጋሽ ገለታ፣ ኧረ ይቀመጡ!»

«አልቀመጥም። ለሽምግልና ነው የመጣሁት። እሺ ካላልከኝ አልቀመጥም።»

«የምን ሽምግልና?»

«የአጎቴ ልጅ ጅዳ አለ። ጨዋ ነው፣ ሥራ አለው። አምሳልን ይፈልጋታል። ማዳምን ብነግራት ወንድሟን ጠይቅ አለችኝ። ወንድሟ አንተ ነህ። እህትህን ስጠን።»

መንገሻ እጁ ላይ የነበረው ካርቶን ወደቀበት። ወይ ጣጣ! የሚወዳትን ልጅ ስጠኝ ተባለ፤ ያውም ሄድፎን በሚሸጥበት ሱቅ ውስጥ፣ ሽማግሌ ቆሞበት! እምቢ እንዳይል በምን ምክንያት? ወንድሟ አይደለሁም እንዳይል ጋሽ ገለታ ወዲያው ለማዳም ይነግራል።

«እ... እሷን ልጠይቃት» አለ ላቡን እየጠረገ።

ማምሻውን ደወለላት። የጋሽ ገለታን መልእክት አንድም ሳያስቀር ነገራት።

«አንተስ?» አለችው። «አንተ ምን ትላለህ?»

አሁን ነበር መናገር! እሱ ግን ማዳም ታየችው፣ ኹሩጅ ታየው፣ አምሳል እያለቀሰች ሻንጣዋን ስትዘጋ ታየው።

«ጨዋ ነው ይላሉ...»

«ጨዋ ነው ይላሉ?» ድምጿ ተሰበረ። «እኔ እኮ ያን ቀን ወንድሜ ነው ያልኩት ፈርቼ ነው። አንተ ግን የምር ወንድሜ ሆንክ! እሺ... ደህና ሁን፣ ወንድሜ።»

ስልኩ ተዘጋ። ደግሞ ደጋግሞ ደወለ፤ አታነሣም። ሐሙስ ደረሰ፤ የሚመለስ ሄድፎን የለም። መንገሻ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እያለ አንገቱ ዛለ።

በማግስቱ ስልኩ ጮኸ። ማዳም ዘሐራ ራሷ ነች። «ሄድፎኑ ሙሽኪላ፣ ችግር አለበት። ቤት ድረስ ና፤ ገለታ ያመጣሃል» አለችና ዘጋችው።

መንገሻ መኪናው ውስጥ ሆኖ ነገሩን አወጣ አወረደ። ታወቀብን ማለት ነው። ጋሽ ገለታን ቢያየው መሪውን ይዞ መንገዱን ብቻ ያያል። አል ሻጢእ ሲደርሱ ባሕሩ አጠገብ ሰው ሁሉ ልጆቹን ይዞ ይዝናናል፤ እሱ ግን ዞር ብሎም አላያቸው። «የመጣው ይምጣ» አለ ለራሱ። «ከእንግዲህስ አልዋሽም።»

ማዳም ዘሐራ ግቢው ውስጥ በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። ያ የመጀመሪያው ሄድፎን ጭኗ ላይ ነው። አምሳል ከኋላዋ ቆማለች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል።

«እህ፣ መንገሻ» አለች ማዳም። «ለገለታ ዘመድ እህትህን ትሰጣለህ ወይስ አትሰጥም?»

«አልሰጥም።»

«ለምን?»

«ወንድሟ ስላልሆንኩ፣ ማዳም።» ድምፁ አሁን አልተንቀጠቀጠም። «ከዚያን ቀን በፊት አይቻት አላውቅም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። ለካፊሌ ንገሪው፣ ኹሩጅ ይምታልኝ። እሷን ግን አትንኪያት... እወዳታለሁ።»

«ኧረ እኔ ነኝ የዋሸሁት!» አምሳል ከኋላ ዘላ ወጣች። «እሱ ለኔ ብሎ ነው! ማዳም፣ እኔን ስደጂኝ!»

«አንቺ ዝም በይ፣ እኔ ነኝ!»

«አንተ ዝም በል! ሲያስፈልግ ዝም ብለህ አሁን ትለፈልፋለህ?»

በዚህ መሀል አንድ ድምፅ ተሰማ። ማዳም ዘሐራ እየሳቀች ነው። ኒቃቧ እስኪንቀጠቀጥ ትስቃለች። ጋሽ ገለታም መኪናው ላይ ተደግፎ ሆዱን ይዟል።

«ኸላስ! በቃችሁ!» አለች ማዳም እንባዋን እየጠረገች። «እኔ አራት ወንድሞች አሉኝ። አንዳቸውም ስፖንጅ ጠርገው ሄድፎን ሰጥተውኝ አያውቁም፤ ይወረውሩልኛል! ደግሞስ ወንድሟን መትታ እንዲያ የምትንሰፈሰፍ እህት የት አለች? ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።»

መንገሻ ጭኗ ላይ ወዳለው ዕቃ ጠቆመ። «ታዲያ... ሄድፎኑ?»

«ሄድፎኑማ ማፊ ሙሽኪላ! የመጀመሪያው ምንም አልነበረበትም። እየመለስኩ የላክሁት ለእናንተ ነው።» ድምጿ ለስለስ አለ። «እኔ ባሌን የማገኘው በጆሮዬ ብቻ ነው። አንተ አምሳልን በሄድፎን ስታዳምጥ ፊትህ ምን እንደሚመስል ገለታ ነግሮኛል። ያንን ፊት አውቀዋለሁ። ግን ሰው ይህን ያህል ይፈራል? ለዚህ ነው ገለታን የላክሁብህ።»

«የጅዳው የአጎቴ ልጅማ ካገባ ስንት ዘመኑ!» አለ ጋሽ ገለታ። «ቆሜ እግሬ እስኪደነዝዝ እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ፣ እሱ ልጠይቃት ይለኛል!»

«ካፊሏስ?» አለ መንገሻ። የአምሳል ካፊል የማዳም ባል ነው፤ የሱ ፈቃድ ከሌለ ሁሉም ነገር ከንቱ ነው።

«እሱማ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ጌሙን ትቶ ያ ወንድም ተብዬ ተናገረ ወይ እያለ ያደርቀኛል። ዛሬ ገና የምነግረው አገኘሁ። የእረፍት ወረቀቷን ይፈርማል፤ አገራችሁ ሂዱና ተጋቡ።»

መንገሻ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። ደረጃው ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠ። አምሳል መጥታ ፊቱ ቆመች፤ ገና ኩርፊያዋ አልለቀቃትም።

«ለማላውቀው ሰው ልትሰጠኝ ነበር» አለችው።

«ፈርቼ ነው... ላንቺ ፈርቼ። ይቅር በይኝ።»

«ለማዳም የነገርካትን ለኔ ንገረኝ።»

«እወድሻለሁ፣ አምሳል።»

«አልሰማሁም፤ ማይኩ ሳይነቀል አልቀረም» አለች። ከዚያ ግን ኩርፊያው ከዳት፤ እያለቀሰች ሳቀች።

ወራት አልፈው የሁለቱም እረፍት ገጠመ። ማዳም ኪንግ ፋህድ አየር ማረፊያ ድረስ መጥታ አምሳልን አቅፋ ሸኘቻት። ባሏም በትምህርቱ መጨረሻ ሊመለስ ነውና እሷም ደስታ ላይ ናት። የአዲስ አበባው በረራ ሰልፍ ላይ እትዬ እልፍነሽ የሚባሉ እናት ከፊታቸው ቆመዋል፤ ሻንጣቸው ከሳቸው ይበልጣል። ዞር ብለው መንገሻን ሽቅብ አዩት።

«የኔ ልጅ» አሏት አምሳልን፣ «ይሄ ረጅሙ ወንድምሽ ነው? ሻንጣዬን ያነሣልኝ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አምሳል ልማድ ሆኖባት «አዎ» ልትል አፏ ሄደ። መንገሻም በድንጋጤ ጭንቅላቱን ሊነቀንቅ ጀመረ። ተያዩ።

«አይደለም!» አለች አምሳል፤ ሰልፉ በሙሉ እስኪዞር ጮክ ብላ። «ወንድሜ አይደለም፣ እትዬ! የማገባው ሰው ነው!»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል ልጄ? እሰይ፣ ደግ አደረግሽ!» አሉ እትዬ እልፍነሽ።

መንገሻ እየሳቀ ሻንጣውን አነሣላቸው። በሌላ እጁ የአምሳልን እጅ ያዘ፤ ሰው ሁሉ እያያቸው ነበር፤ አለቀቀውም።