ኮሶ የጠጣ ሰው በር አይንኳኳበትም

ሉካንዳ ነጋዴው ሐብታሙ ማክሰኞ ቀትር ላይ አልጋው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ከግድግዳው ማዶ የገዛ ሥጋ ቤቱ ገና ሥጋ ይሸጥ ነበር። ምክትል ኢንስፔክተር ዘርፈሽ ስትደርስ ታናሽ ወንድሙ ዘመነ ሽርጡን እንደታጠቀ በሩ ላይ ያለቅሳል፤ ግቢውን የሞላው የቢቸና ሰው ደግሞ አንድ ስም ብቻ ይጠራል፤ የመሪጌታ ገብረ ክርስቶስን።

ነገሩ ግልጽ መስሏል። ሐብታሙ ጥሬ ሥጋ ሳይቆርጥ የማይውል ሰው ስለነበር በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጣ ነበር። ኮሶውን ወቅጠው የሚሰጡት መሪጌታ ናቸው። ራስጌው ካለው ዋንጫ ውስጥ ግማሽ ያህል ኮሶ ቀርቷል። «ሽማግሌው መጠኑን ስተው ገደሉት» ተባለ፤ ከዚያ ወዲያ የጠየቀ የለም። መሪጌታ በሰባ ስምንት ዓመታቸው ከቤታቸው ተጎትተው ወጡ፤ ግንባራቸው በድንጋይ ተፈነከተ፤ ጣቢያ ገቡ። ዐርብ ጠዋት ተከሰው ወደ ደብረ ማርቆስ ሊላኩ ነው። በዚያ ዕድሜ የሄደ ሰው እንደማይመለስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ዘርፈሽም ታውቀዋለች።

ዘርፈሽ ጥቂት የምትናገር፣ ብዙ የምታዳምጥ ሴት ናት። አማትባ ሬሳው አጠገብ በርከክ አለች። የሟቹ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቧል። አረፋው ጢሙ ላይ ደርቋል። ወለሉ ላይ ያስታወከው ሁሉ ነጭ ነው፤ ቅቤ የነካው ገንፎ። ፍራሹን ስታነሳ ሁለት ፍሬ የጎደለው የኪኒን ፓኬት አገኘች፤ የሞጣ ፋርማሲ ማኅተም አለበት። ለማንም ሳትናገር ኪሷ ከተተችው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። እሷም ለሁሉም ያቀረበችው ጥያቄ አንድ ነበር፤ ኮሶውን ሲጠጣ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል?

መጀመሪያ የቀረበው አለበል ነው፤ ከመንገዱ ማዶ ሥጋ ቤት ያለው፣ ከሐብታሙ ጋር ዐሥር ዓመት የተኳረፈ ሰው። ማለዳ ሥጋ ሊገዛ ሳይሆን ወሬ ሊቃርም ጎራ ብሎ እንደነበር አልደበቀም።

«ሰምቼ ነው» አለ። «ማቃሰቱ እስከ መንገድ ይሰማል። ዘመነ ሥጋ እየቆረጠ ‹ኮሶ ይዞት ነው› አለን። ሳቅን። ምን እናድርግ? ኮሶ የጠጣ ሰው በር አይንኳኳበትም።»

ስለ ዘመነ ስትጠይቀው አለበል ድምፁን ዝቅ አደረገ። ልጁ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ለወንድሙ አሽከር ሆኖ፣ ማለዳ ማለዳ አረቄውን እየቀዳለት ኖሯል። ባለፈው ፋሲካ ሚስት ሊያገባ ፈልጎ ሽማግሌ እንዲልክለት ቢለምነው፣ ሐብታሙ ደንበኛ በሞላበት ቤት አጥንት ወርውሮለት «ይቺን አግባ» ብሎታል። ያን ዕለትም ሰው ሁሉ ሳቀ።

የሟቹ ሚስት አስናቀች ድርቅ ብላ ተቀመጠች። የግራ እጇ ትንሿ ጣት ተሰብራ ጠማማ እንደሆነች ገጥማለች። ሌሊት ለማርያም ቅዳሴ ወጥታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደተመለሰች፣ ዘመነ ኮሶ ጠጥቷል እንዳላት፣ ከዚያም እስከ ቀትር በሩ ላይ ቆማ ሊጠይቅ የመጣውን ሁሉ እንደመለሰች ተናገረች።

«ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ሞጣ ከርሞ ነበር አሉ» አለች ዘርፈሽ።

«በሬ ሊገዛ።»

«ገዛ?»

«አልገዛም።»

«ሌላ የነገረሽ ነገር የለም?»

«ሐብታሙ ለእኔ ነገር አይነግርም።»

ዘመነ ግን ሌሎቹ ያላሉትን አለ። «አይቻለሁ» አለ፣ እንባውን በሽርጡ እየጠረገ። «ጎህ ሲቀድ እኔው ነኝ ያቀበልኩት። ግማሹን ዐይኔ እያየ ባንድ ትንፋሽ ጨለጠው። መሪጌታ አብዝተውበታል፤ እግዜር ይይላቸው።»

በማግስቱ ዘርፈሽ በሚኒባስ ወደ ሞጣ ሄደች። ማኅተሙ ወደ ፋርማሲው፣ ፋርማሲው ደግሞ ወደ ዶክተር አብዱልሐኪም መራት። ዶክተሩ የሞጣ ልጅ ነው፤ የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስት ሆኖ ከተመለሰ ገና ዓመቱ። የሐብታሙን ፎቶ አሳየችው።

«ይህ አለበል ነው» አለ።

«አለበል አይደለም።»

ዶክተሩ ካርዱን አወጣ። አለበል፣ ሥጋ ነጋዴ፣ ቢቸና ይላል። ዘርፈሽ ሳቋን መዋጥ አቃታት። ኮሶ ያልነቀለው በሽታ ያለበት ሉካንዳ ነጋዴ ተብሎ እንዳይወራበት፣ ፊቱን በጋቢ ሸፍኖ ሁለት ቀን ሞጣን በእግሩ እየዞረ የአንጀት ሐኪም የፈለገው ሐብታሙ፣ ወሬው ቢወጣ እንኳ በባላንጣው ላይ እንዲወጣ አድርጎ ተመዝግቧል።

«የኮሶ ትል አልነበረም» አለ ዶክተሩ። «ደም የሚመጥ ሌላ ዐይነት ነው፤ ዐሥር ዓመት ኮሶ ቢጠጣ አይነቅለውም። ኮሶው ግን ጉበቱን ጎድቶታል፣ ዓይኑንም አፍዝዞታል። ከእንግዲህ አንድ ጉንጭ ብትጠጣ ትሞታለህ አልኩት።»

«ሰማዎት?»

«ፈራ። ኪኒኑ ቅባት ካለው ምግብ በኋላ የሚወሰድ ስለሆነ ሚስቱ ጋ ደውሎ ስልኩን ሰጠኝ። ለእሷም ራሴ ነገርኳት፤ መጀመሪያ ምግብ፣ ከዚያ ኪኒን፣ ኮሶ በጭራሽ። ሁለት ጊዜ ደግማ ጠየቀችኝ፤ የገባት ሴት ናት።»

ዘርፈሽ ማስታወሻዋን አጠፈች። እስከ ቢቸና ድረስ በመስኮቱ ስትመለከት መጣች፤ ያየችው መንገድ ግን አልነበረም።

ሐሙስ ጠዋት ሁሉንም ሥጋ ቤቱ ውስጥ ሰበሰበቻቸው፤ አስናቀችን፣ ዘመነን፣ አለበልንና ጥቂት ጎረቤቶችን። ግንባራቸው የታሰረው መሪጌታም በፖሊስ ተደግፈው መጡ። ማንም ተነስቶ መቀመጫ አልለቀቀላቸውም። ዘርፈሽ የራሷን ሰጠቻቸው።

«ጎረቤት ሁሉ ሐብታሙ ኮሶ ጠጣ ይላል» ብላ ጀመረች። «ጎረቤት የሰማው ከአስናቀች ወይም ከዘመነ ነው። አስናቀች የሰማችው ከዘመነ። አይቻለሁ ያለ አንድ ሰው ብቻ ነው። ዘመነ፣ አይተሃል?»

«አይቻለሁ አልኩ እኮ።»

«ኮሶ የሚጠጣ ሰው በባዶ ሆዱ ነው የሚጠጣው። እንዲያ አይደለም፣ መሪጌታ?»

«እህል የቀመሰ ሰው ኮሶ አይነካም» አሉ ሽማግሌው።

«ሐብታሙ ግን ገንፎ በልቶ ነበር። ኪኒን ስለሚወስድ ነው የበላው፤ ሞጣ ሐኪም ዘንድ ሄዶ ኮሶ እንዳይቀምስ ተከልክሏል። ማንነቱን እንኳ ደብቆ ነው የታከመው» ብላ የካርዱን ነገር ተናገረች። አለበል አፉን ከፍቶ ቀረ፤ «ሞቶም አልለቀቀኝ» ብሎ አጉተመተመ።

«ሊሆን ይችላል» አለ ዘመነ ቶሎ ብሎ። «ገንፎውን አላውቅም፤ ኮሶውን ግን ጠጥቶ አስታውኮት ይሆናል።»

«ኮሶ ቀይ ነው፤ ቢያስታውከው ወለሉ ይቀላ ነበር። ወለሉ ላይ ያየሁት ነጭ ነው። ትናንት የሆስፒታሉ ሐኪም ሆዱን ከፍቶ አይቷል፤ የኮሶ ርዝራዥ የለበትም። ያገኘው አረቄና የከብት መዥገር መድኃኒት ነው። ማለዳ ማለዳ አንድ መለኪያ አረቄ የሚያቀርብለት ማን ነው?»

ሁሉም ወደ ዘመነ ዞሩ።

«አንተ የሞጣውን ነገር አላወቅህም» አለች ዘርፈሽ በዝግታ። «የኮሶው ጊዜ ደርሷል ብለህ እንደ ልማድህ ከመሪጌታ አመጣህ። መርዙን በአረቄው ሰጠኸው፤ ዋንጫውን ግማሽ አድርገህ ራስጌው አስቀመጥህ። ኮሶ ይዞታል ካልህ ማንም በር እንደማይከፍት ታውቃለህ።»

ዘመነ ሽርጡን ፈታ፤ በጥንቃቄ አጥፎ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

«ሲጠራኝ እሰማው ነበር» አለ። «እዚህ ቆሜ ስቆርጥ። በስሜ ነው የጠራኝ። በዐሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በስሜ ሲጠራኝ ያን ዕለት መጀመሪያው ነው።»

ፖሊሱ ክንዱን ያዘው። መሪጌታ ማማተብ ጀምረው እጃቸው ግንባራቸው ላይ ካለው ቁስል ደርሶ ቆመ። «ወደ ቤትዎ ይሂዱ አባቴ፤ ነጻ ነዎት» አለቻቸው ዘርፈሽ። እሳቸው ግን አልተነሱም፤ እሷ ገና እንዳልጨረሰች ገብቷቸዋል።

ዘርፈሽ ወደ አስናቀች ዞረች።

«ዘመነ አላወቀም። አንቺ ግን ታውቂያለሽ። ሌሊት ገንፎውን ሠርተሽለት የወጣሽው አንቺ ነሽ፤ ሐኪሙም በስልክ ነግሮሻል። ሦስት ሰዓት ላይ ‹ኮሶ ጠጥቷል› ሲልሽ ውሸት መሆኑን ያን ጊዜውኑ ዐውቀሻል። እሱ ውስጥ ያቃስታል። አንቺ ደግሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ በሩ ላይ ቆመሽ ሰውን በትሕትና ትመልሻለሽ። ለምን አልገባሽም?»

አስናቀች ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዘርፈሽን ሳይሆን ጎረቤቶቿን አንድ በአንድ አየቻቸው።

«ሃያ ሁለት ዓመት» አለች፣ «እኔ በዚያ ክፍል ሳቃስት እነዚህ ሁሉ ይሰሙ ነበር። ማን ገባ?»

አለበል መሬት መሬቱን አየ።

«ሰው እየሞተ እያወቁ ዝም ማለት በሕግ ያስጠይቃል» አለች ዘርፈሽ። ድምፅዋ እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

«ይሁን፤ ጻፊው» አለች አስናቀች። «እነሱንም ጻፊያቸው።»